ጋቢ የለበሰ ማሞቂያ

ለምወድህ ወንድሜ ለቅዱስ፦

ሰላምታዬ ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ እንዳይበርደው በጋቢ ጠቅልዬ ልልክልህ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በታች በምነግርህ ምክንያት ከእንግዲህ ምንም ነገር በጋቢ አልጠቀልልም። እንዲሁ በባዶው ተቀበለኝ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ውርጩስ እንዴት ይዟችኋል? የሚስትህ የሰርካለም እግር ማበጡን ተወት አደረገ ወይ? ምግብስ ይረጋላታል? እማማስ ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? አሁንም በዚያ ውርጭ ኪዳን ካልሄድኩ እያሉ ያስቸግሩሃል?

እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ተመስገን፣ አለሁ። አለሁ ስልህ የላይኛው ከንፈሬ በክር ተሰፍቶ፣ አንድ የፊት ጥርሴ ወልቆ፣ አንገቴም በሰው ጥፍር ተቧጥጦ ነው። ደጋግመህ ስትደውል ያላነሣሁት ተቀይሜህ እንዳይመስልህ፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስፌቱ እየተተረተረ ደም ስለሚወርደኝ ነው። ሐኪሙ ለጊዜው ዝም በይ አለኝ። እኔን ዝም በይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። አፌ እንጂ እጄ አልተሰፋም ብዬ ይኸው ወረቀት አነሣሁ። ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ጎረቤታችን መምህር ኃይለየሱስ ከዚያ በደብረ ብርሃን መኪና እልክልሻለሁ ብሎኛል።

የስልክ መልእክትህ ደርሶኛል። ሰርካ መውለጃዋ ስለተቃረበ የመብራት ማሞቂያ ልገዛ ነው፣ አንቺ ገዝተሽ ስለምታውቂ የትኛው ይሻላል ብለሃል። አከራያችን ስለማይፈቅዱ ደብቀን ነው የምንሰካው ብለሃል። እስከዚያው ደግሞ እማማ ከሰል መች ጠፋ ይላሉ አልክ። ቅዱስዬ፣ ያንን ባነበብኩ ጊዜ ስፌቴ እስኪበጠስ ጮኼብሃለሁ። አጠገቤ ብትሆን በጥፊ አጮልህ ነበር። አሁን ግን ቁጭ በልና ሁሉንም አንብበኝ። ለሰርካ አታንብብላት፤ በዚህ ሆዷ ይህን መስማት የለባትም። ለእማማ ግን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው።

ልጄ ኤደን ከባሏ ከተስፋዓለም ጋር ገለምሶ እንደምትኖር ታውቃለህ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና ወጉ፣ እኔ ዘንድ ልትታረስ መጣች፤ ታኅሣሥ መግቢያ ላይም በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ያን ሰሞን ከጨርጨር ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብር ነበር። እኔም እማማ በአራስነቴ ለእኔ እንዳደረጉልኝ አደረግሁ። ከሰሉን አቀጣጥዬ ክፍሏ አስገባሁላት፣ በሩን ዘጋሁ፣ በመስኮቱና በበሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በአሮጌ ነጠላ ወተፍኩት። ከዚያ ልቤ አረፈልኝና ቅቤ ልገዛ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ መስኮቴ ረግፏል። ከጎናችን የምትኖረው ጫት ነጋዴዋ ፋጤ ዘነዘናዋን ጥላ፣ ኤደንን በብብቷ ይዛ ደጅ ላይ እየጎተተች በጥፊ ትመታታለች። ሕፃኑ በፋጤ ሻርፕ ተጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ተጋድሟል። አራስ ልጄን ልትገድልብኝ ነው ብዬ ቅቤውን ወርውሬ ፀጉሯን ጨመደድኩ፤ ጎትቼም ከነቁመቷ መሬት ላይ ጣልኳት። ትከሻዋ የወንድ ነው፣ ብትፈልግ በአንድ ክንዷ ትሰብረኝ ነበር። አልመታችኝም። በጀርባዋ እንደተንጋለለች፣ «ያ ረቢ! አዮ ዘርፌ፣ እኔን ተይኝ፣ ልጅሽን ቀስቅሺያት! በከሰል አፍነሽ ልትገድያት ነው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ብትጠራት ብትጠራት ኤደን አልመለስ ስትላት ነው ለካ መስኮቱን በዘነዘና ያፈረሰችው። ኤደን በመጨረሻ ተነፈሰች፣ አስመለሳት፣ አለቀሰች። ሕፃኑም ከቆየ በኋላ ጮኸ። እኔ በእጄ ሙሉ የፋጤን ፀጉር ይዤ ቆሜያለሁ። ፋጤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም፤ ለኤደን የምታመጣውን አጥሚት ግን አንድም ቀን አላስታጎለችም።

እንግዲህ ከሰል በቃኝ። ተስፋዓለም ከገለምሶ እየበረረ መጣና የመብራት ማሞቂያ እንግዛ አለ። በዚያ ብርድ እዚህ ጭሮ ያሉት ሱቆች ጨርሰው ነበርና ሚኤሶ ወረድን። ሚኤሶን ታውቃታለህ፣ ዶሮ እንኳ ምንቃሯን ከፍታ ነው የምትውለው። ላብ በጀርባችን እየወረደ የብርድ ማሞቂያ ስንጠይቅ የሰው መሣቂያ ሆንን። አብዱናስር የሚባል ዕቃ ሻጭ፣ እዚህ ማሞቂያው ያቻት እያለ ፀሐይዋን በአገጩ አሳየኝና ከጓዳው ሁለት ዓይነት አወጣ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ስትሰካው ሽቦው ፍም መስሎ ይቀላል። ሁለተኛው ውስጡ ዘይት ያለው፣ ጎን ለጎን የቆሙ ክንፎች ያሉት ከባድ ብረት ነው፤ ቢሰካም እሳት የሚባል አይታይበትም።

አብዱናስር ምን እንዳለኝ ቃል በቃል ልንገርህ። «እናቴ፣ ወላሂ ለአራስ ከሆነ ይህን ከባዱን ውሰጂ። ይቺ ቀይዋ ጨርቅ ትወዳለች» አለኝ። ተስፋዓለምም ከባዱ ይሻላል አለ። እኔ ግን እሳት የማይታይበት ነገር እንዴት ያሞቃል፣ ብረት ልታሸክሙኝ ነው እንዴ ብዬ ሁለቱንም አፋቸውን አስያዝኳቸው። ቀይዋን በፌስታል አንጠልጥዬ ስወጣ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ አከራዬ ስለ ጀምበሩ ልንገርህ። ግቢያችን ሦስት ቤት ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ እሱም ያለው ጀምበሩ በረንዳ ላይ ነው። መስመሩ ያረጀ ስለሆነ ምድጃም ሆነ ማሞቂያ ለተከራይ ክልክል ነው። አምፖሉ ትንሽ ፈዘዝ ካለ ዱላውን ይዞ ይወጣና ማነው የሰካው እያለ በየበሩ ይደበድባል። ይህ ሰው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ ነው፤ በር ሲመታም ያው ከበሮ የሚመታ ነው የሚመስለው። ከዚያ በፊት በውሃ ተራ ተጣልተን ስለነበር እሱን ከምለማመጥ ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል ብዬ ነበር። እግዚአብሔርም ሰምቶኝ ከከንፈሬ ጀመረልኝ። ሄጄ አራስ አለችብኝና ፍቀድልኝ ብለው እሺ ይል ነበር ወይስ እምቢ? አላውቅም። አልጠየቅሁትማ።

ደብቄ ሰካሁት። አምፖሉ ሲፈዝ እነቅላለሁ፣ ጀምበሩ ጮኾ ሲገባ እሰካለሁ፤ እንደ ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ሰነበትን። ጥር እንደ ገባ አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ሲመጣ ቶሎ ይሙቅልን ብዬ ሶኬቱን ሳልነቅል ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ጀምበሩና ሚስቱ ባየች ናቸው፤ ገንፎ በድስት ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጥተዋል። ተጣልተንም ቢሆን አራስ ጠያቂ ከደጅ አይመለስ ነገር። ያቺን ቀይ ማሞቂያ የት ላድርጋት? ወደ አልጋው ግርጌ ገፋኋትና ጋቢዬን አለበስኳት። እንደ በድን ቀዝቅዛለች፣ ማን ይጠረጥራታል? ሶኬቱ ትዝም አላለኝ።

ገቡ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉ፣ ጀምበሩ ወንበር ይዞ ልጁን መረቀ። ባየች ገንፎውን መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ እያፈሰሰችበት ሳለ መብራት መጣ። እሰይ መጣ አለች ባየች። እኔም እሰይ አልኩ። ተመልከት፣ በገዛ አፌ እሰይ አልኩ። ኤደን ከሕፃኑ ጋር አጎበሯ ውስጥ እንደተኛች፣ እማዬ ዛሬ ቤቱ እንዴት ደስ ይላል፣ እግሬን ሞቀኝ አለች።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። የምን ሽታ ነው ሲሉኝ ሹሮ አርሮብኝ ነው አልኩ፤ ምድጃ ላይ ምንም የለኝም። ጀምበሩ ግን ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። አምፖሉ ፈዟል። ያኔ የሽታው ነገር ጠፍቶት የቆጣሪው ነገር ብቻ ታየው፤ ተነሣና ሽቦውን ከግድግዳው ጀምሮ በዓይኑ ተከተለው፣ ጋቢው ሥር ሲገባ አየው። «አንቺ ሌባ! አራስ ላይ ተደብቀሽ ትሰርቂኛለሽ?» አለኝ። በልጄ ፊት! በሚስቱ ፊት! ሌባ አባትህ ነው ብዬ፣ የሚፋጀውን ገንፎ ከነድስቱ አንሥቼ ፊቱ ላይ ደፋሁበት።

ጀምበሩ ቅቤው ዓይኑን እያቃጠለው በዱላው ሲወናጨፍ አፌን አገኘው። ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። እኔም በደሜ እንደታወርኩ ጉሮሮውን አነቅሁት፣ እሱም አንገቴን ቧጠጠኝ፣ ወንበሩን ሰብረን፣ ድስቱን ረግጠን፣ ተያይዘን መሬት ላይ ተንከባለልን። ባየች ትጮኻለች፤ ለእኛ የምትጮኽ መስሎኛል። ለካ እኛ ስንፋለም ጋቢው ነዷል፣ ነበልባሉም ከጋቢው አጎበሩን ይዟል። ወንድሜ፣ አጎበር እንዴት እንደሚነድ አይተህ አታውቅም። ቀና ስል ልጄና የልጅ ልጄ የተኙበት አልጋ ዙሪያውን እሳት ለብሷል።

እኔ፣ እናት ነኝ የምለው፣ ደርቄ ቀረሁ። የተነሣው ጀምበሩ ነው። ፊቱ በገንፎ እንደተለቀለቀ ዘልሎ የሚነደውን አጎበር በሁለት እጁ ጨምድዶ ቦጨቀው። ናይለኑ እየቀለጠ ጣቶቹ ላይ ሲጣበቅ አየሁ። አልለቀቀውም። ኤደን ልጁን ደረቷ ላይ አጣብቃ በመሐሉ ወጣች፤ ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ተያይዟልና ባየች በነጠላዋ አፈነችው። ፋጤ በጀሪካን ውሃ ይዛ ስትገባ ጀምበሩ፣ ውሃ እንዳትደፊ፣ መብራት አለበት ብሎ አምባረቀ። ፋጤም ጀሪካኑን ጥላ ሮጣ ወጣች፣ ዘነዘናዋን ይዛ ተመለሰችና ሶኬቱን ከግድግዳው ላይ መታ አረገፈችው። ከዚያ በኋላ ነው ውሃው የተደፋው።

ከዚህ በላይ እሱ እያልኩ የጻፍኩትን ጀምበሩን ከዚህ በታች እሳቸው ብል አይግረምህ። ሆስፒታል የሄድነው እኔና እሳቸው በአንድ ባጃጅ ነው። እሳቸው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ እኔ ከንፈሬን በእጄ ይዤ። በመንገድ ላይ እንኳ አልታረቅንም። ሌባ ይሉኛል፤ እኔም መመለስ ስላልቻልኩ በክርኔ እደቁሳቸዋለሁ። ኤደን እግሯ ላይ ጠባሳ ይቀራል እንጂ ደህና ናት ተባለ። ሕፃኑን አንዲት ፍንጣሪ አልነካችውም። የጋሼ ጀምበሩ ጣቶች ግን ተጣብቀው ነበር። ሐኪሞቹ ለያይተው አሰሩላቸው፤ እንደ ድሮው መታጠፋቸውን ግን ማንም አላረጋገጠላቸውም።

ተስፋዓለም በማግስቱ ሚኤሶ ወርዶ ያንን ከባዱን የዘይቱን አመጣ። አብዱናስር ምን አለ ብዬ በምልክት ብጠይቀው፣ ራሱን ነቀነቀ አለኝ። አሁን ጋሼ ጀምበሩ ራሳቸው ባሉት መሠረት ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም መስመር ተዘርግቶልናል፤ እኛ ስንሰካ እነ ባየች ምድጃቸውን ያጠፋሉ፣ እነሱ ሲያበስሉ እኛ እንነቅላለን። ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ጥርሴን ያወለቀው ነገር በአንድ ጥያቄ ያልቅ ነበር። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የነበሩት አባታችን አልነበሩም እንዴ?

በጥምቀት ዕለት ታቦት ስናጅብ ከበሮው በሌላ ሰው አንገት ላይ ነበር። ጋሼ ጀምበሩ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የታሰሩ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከዳር ይሄዳሉ። ከበሮው ሲመታ ትከሻቸው አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃል። እልል ልል አፌን ብከፍት ስፌቴ ያዘኝ። አለቀስኩ፣ ቅዱስዬ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሰው ብመታ ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት ሽማግሌዎች አስታረቁን። ከእኛ ወገን ቄሱ፣ ከነፋጤ ወገን አንድ ሼህ ተቀመጡ። ጋሼ ጀምበሩ፣ ሌባ ማለቴ ልክ ነው፣ ዱላው ግን በዛ አሉ። እኔም በወረቀት ላይ፣ ገንፎው ተገቢ ነው፣ መደበቄ ግን ጥፋት ነው ብዬ ጻፍኩና ቄሱ አነበቡልኝ። ሼሁ እስኪያስላቸው ሣቁ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ እሳቸውም ግንባሬን ሳሙኝ። ፋጤም ያኔ፣ ፀጉሬስ ብላ ሻሽዋን ገለጥ አድርጋ ስታሳይ የእሷንም ጉልበት ሳምኩ።

ከዚያ ኤደን ልጇን ታቅፋ እያነከሰች መጣች። አርባ ቀኑ በዚህ ሳምንት ስለሚሞላ የክርስትና አባት እንዲሆኑልን ለመነቻቸው። ከእሳት አውጥተው የሰጡኝን ከውሃም እርስዎ ይቀበሉኝ አለቻቸው። ጋሼ ጀምበሩ የታሰሩ እጆቻቸውን ወደ እኛ ዘረጉ። «በየትኛው እጄ ልቀበለው ልጄ?» አሉ። «የያዝኩት ነገር ይሙቅ ይቅዝቅዝ አይታወቀኝም። ብጥለውስ?» ኤደን ግን ልጁን ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችና እጇን ከሥር አድርጋ ቆመች። ሰውየው ጉንጫቸውን ሕፃኑ ግንባር ላይ አስደግፈው፣ ይሞቃል፣ ይሞቃል እያሉ አለቀሱ። እሺም እምቢም ሳይሉ ሄዱ። እስካሁን መልሳቸውን እየጠበቅን ነው።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። የዘይቱን ግዛ። ከባድ ነው ብለህ አትማረር፤ በእግርህ ብትመታው እንኳ አይወድቅም። ከአልጋው አርቀው፤ ልብስ አታድርቅበት፣ ምንም ነገር አታልብሰው። ገመድ በገመድ እየቀጣጠልክ አትሰካው። መብራት በሄደ ቁጥር ንቀለው፤ እሱ ሲመለስ አያስፈቅድህም። እማማ ከሰል ይዘው ወደ ሰርካ ክፍል ሲገቡ ካየህ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከእጃቸው ቀምተህ ምድጃውን ደጅ አውጥተህ ስበረው። ደብቄ እሰካለሁ የምትለውን ግን ተደብቃ ትፀንሳለች፣ ሰው ሰብስባ ትወልዳለች ብለው እማማ ራሳቸው ይተርቱልህ።

እማማን ሁለቱንም ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ተናድደው ከሆነ በሦስተኛው ቀን ድገመው። ሰርካለምን ሆዷን ዳብስልኝ፣ በሆዷ ላለው ልጅም አክስትህ አፏ ሲድን ትደውላለች በለው። ኤደንና ተስፋዓለም እጅ ነሥተዋል። ስም ያልወጣለት ልጃችን ጡቱን ጠግቦ ተኝቷል። ፋጤ፣ ወንድምሽን ከሰሉን ካልጣለ ዘነዘናዬን ይዤ እመጣለሁ በዪው ብላለች፤ ቀልዷን አይደለም።

አሁን ይህን ወረቀት አስቀምጥ። የአንተ እጆች ገና ጤነኛ ናቸው፤ ሂድና የአከራይህን በር አንኳኳባቸው።

እህትህ ዘርፈሽዋል
አሰበ ተፈሪ (ጭሮ)፣ ጥር 14 ቀን